ስስ ገላ፣ «ድንዝዝ» ገላ

ጠያቂዬ ሐረር ጁገል ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ከትዳር በኋላ ግን ከግንቡ ውጪ የሚኖሩ የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ባለቤታቸው ለሥራ ዱባይ ደርሰው ሲመለሱ ከሽቶውና ከልጆቹ ጫማ ሥር ጠቅልለው አንድ ዕቃ ይዘው መጡ። ለባለትዳሮች ተብሎ የሚሸጥ፣ በባትሪ የሚንቀጠቀጥ ቫይብሬተር ነው። ሞከሩት። የመጀመሪያው ምሽት ደነገጡ፣ ሁለተኛው ምሽት አመማቸው፣ ሦስተኛው ምሽት ምንም አልተሰማቸውም። ከዚያ በኋላ ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ስለ ዕቃው ለማማረር ግን አይደለም የጻፉልኝ። በልጅነታቸው ተገርዘዋል፤ እንግዲህ ድንዝዝ ሆኜ ቀርቻለሁ ማለት ነው ወይ ነው ጥያቄያቸው። ከደብዳቤው ግርጌ ሌላም ነገር ጨምረዋል፤ እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

ርዕሱ ለቤተሰብ መጽሔት ድፍረት ነው የምትሉ አንባቢያን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የሐረርን ቤት ላስታውሳችሁ። በጥንታዊው የሐረሪ ቤት ግድር ጋር የሚባለው ዋና ክፍል ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት ነደባዎች አሉት፤ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ከዚሁ ክፍል ጎን ደግሞ ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚያሳልፉት በእሷ ውስጥ ነበር፤ ምግባቸውን እንኳ ሳይወጡ ነው የሚቀበሉት። ቤቱን የሠሩት ሰዎች አጥባቂ ሃይማኖተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ባልና ሚስት እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ጊዜና ቦታ እንደሚያስፈልጋቸው ተረድተው በግድግዳ ከልለው ሰጧቸው። ዛሬ ብዙዎቻችን የምንኖረው ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሕፃን አጠገባችን ተኝቶ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን እየተሰማን ነው። መተዋወቁ የሚጀመረው ደግሞ ከተኛን በኋላ ነው፣ እሱም ድካሙ ከፈቀደ።

ወደ ጥያቄው ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የሐረሪ ክልል ሴቶች 82 በመቶዎቹ ተገርዘዋል፤ የአገር አቀፉ አኃዝ 65 በመቶ ነው። በሐረር ሴቶች ተሰብስበው ቡና በሚጠጡበት ቤት ሁሉ፣ በአፎቻም ሆነ በዕቁብ ቀን፣ ከተቀመጡት መካከል አብዛኞቹ ይህን ታሪክ በገላቸው ላይ ይዘው ነው የሚቀመጡት ማለት ነው። አዲስ አበባ ያላችሁትም ራሳችሁን አታግልሉ፤ በዚያው ጥናት የአዲስ አበባ ድርሻ ከግማሽ በላይ ነው።

አሁን «ድንዝዝ» ስለሚለው ቃል። ለረጅም ጊዜ፣ የሕክምና መጻሕፍት ሳይቀሩ፣ ቂንጥርን ከላይ እንደምትታይ ትንሽ ጫፍ ብቻ አድርገው ነበር የሚስሏት። አውስትራሊያዊቷ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመችው ሥራ ይህ ትክክል እንዳልሆነ አሳየች። የሚታየው ጥቂቱ ነው፤ ዋናው አካል ከቆዳ በታች ሆኖ በብልት መግቢያ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት እግር ተዘርግቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የነርቭ ክሮቹ ሲቆጠሩ ደግሞ ከ10,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ግርዛት በአብዛኛው የሚቆርጠው የሚታየውን ጫፍ፣ አንዳንዴም ትንንሾቹን ከንፈሮች ነው። ጉዳቱ ከባድ ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ከሥር ያለው ይቀራል። የተገረዙ ሴቶች በተለያዩ አገሮች ተጠይቀው ብዙዎቹ እርካታ እንደሚያገኙ መናገራቸውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤዎን እንደገና ይመልከቱት። ሁለተኛው ምሽት አሞኛል ብለዋል። ድንዝዝ የሆነ ገላ አያምም። የእርስዎ ገላ የተሰማው አጉል ቦታ ላይ፣ አጉል በሆነ ጉልበት ስለነካችሁት ነው።

ከግርዛት በኋላ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች አንድ ገላ ላይ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ብዙ ሰው አያውቅም። ጠባሳው ራሱ ጨርቅ የነካ ያህል እንኳ ላይሰማው ይችላል። ከጠባሳው አንድ ጣት ርቀት ላይ ያለው ቆዳ ደግሞ ከተለመደው በላይ ስስ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ የነርቭ ጫፍ አንዳንዴ ተጠቅልሎ እንደ ምስር የምታክል የምታም እብጠት ይሠራል። እንዲህ ላለ ቦታ የሚንቀጠቀጥ ፕላስቲክ መደገን በታመመ ጥርስ ላይ በረዶ እንደ ማኘክ ነው። ስለዚህ ከዕቃ ምርጫ በፊት ካርታውን ማወቅ ይቀድማል። መስታወት፣ ብርሃን፣ የታጠበ እጅ፣ የተቆለፈ በር። የት ላይ ምንም አይሰማኝም? የት ላይ ደስ ይላል? የት ላይ ያሳክካል፣ ያማል? አንዳንድ እህቶች ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን ገላ አይተውት አያውቁም፤ ማየት ደግሞ ኃጢአት ነው ብሎ ያስተማራቸው ሰው ማን እንደሆነ ቢጠየቁ አያስታውሱትም።

ሐኪም ጋ ሳይኬድ ምንም መሣሪያ መሞከር የሌለባቸው አሉ። የተሰፉ፣ ማለትም መግቢያቸው እስካሁን የጠበበ፣ የወር አበባ ወይም ሽንት በችግር የሚወርድላቸው፤ እብጠት ያላቸው፤ በግንኙነት ጊዜ ሁሌ የሚያማቸው ወይም ከግንኙነት በኋላ የሚደሙ። ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች አሉ፤ ይህን ጉዳይ ስታነሡላቸው አይደነግጡም፣ በየቀኑ የሚያዩት ነው። ሴት ሐኪም ከፈለጋችሁ ካርድ ስታወጡ ተናገሩ።

ይህ ካለፈ በኋላ ነው የመሣሪያ ነገር የሚመጣው። ዕቃዎቹን ሰው የሚመርጠው በመልካቸውና በዋጋቸው ነው፤ መመረጥ ያለባቸው ግን በሚሰጡት ንዝረት ዓይነት ነው። ቀጭንና ፈጣን ንዝረት አለ፤ እንደ ትንኝ ይጮኻል፣ የሚቀረውም ቆዳው ላይ ነው። ወፍራምና ዝግ ያለ ንዝረትም አለ፤ እንደ ድመት ማንኮራፋት ነው፣ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ትንንሾቹና ርካሾቹ ዕቃዎች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ቆዳን መጀመሪያ ያስደነግጣሉ፣ ቀጥሎ ያደነዝዛሉ። ቀኑን ሙሉ የባጃጅ እጄታ ይዞ የዋለ ሾፌር ማታ መዳፉ እንደሚደነዝዝ ማለት ነው። ማደንዘዙ ጊዜያዊ ነው፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይመለሳል፤ ግን ሦስተኛው ምሽት ምንም አልተሰማኝም ያሉት ጠያቂዬ ምናልባት ያገኛቸው ይኸው ነው። ሦስት ተከታታይ ምሽት፣ በከፍተኛው ፍጥነት፣ ጠባሳው ላይ።

ቆዳችሁ ስስ ከሆነ፣ ማለትም የውስጥ ልብስ ስፌት ሳይቀር የሚሰማችሁ ከሆነ፣ የምትፈልጉት ለስላሳ፣ ሰፋ ያለ ራስ ያለው፣ የመጀመሪያው ደረጃው በጣም ዝቅ የሚል ነው። በእጅ መዳፍ አትፈትኑት፤ መዳፍ ወፍራም ቆዳ ነው፣ ያታልላል። በከንፈራችሁ ወይም በአፍንጫችሁ ጫፍ ፈትኑት። እዚያ ላይ ካስነጠሳችሁ ታች ላይ በርትቷል ማለት ነው። መጀመሪያ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሆኖ፣ ከጭን ጀምሮ፣ መሃሉን ሳይነካ ዙሪያውን ይሁን። ስስ ገላ የሚወደው አንድ ቦታ ላይ መቆምን አይደለም፣ መዞርን ነው።

ስሜቱ ከሥር ለተቀበረባችሁ፣ እንደ ጠያቂዬ ላይ ላዩ ጠባሳ ለሆነባችሁ፣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ክብደት ነው፤ ሰፊ ራስ፣ ዝግ ያለ ንዝረት፣ ከጠባሳው ላይ ሳይሆን ከበላዩ ካለው ለስላሳ ጉብታና ከግራና ቀኝ ከንፈሮች ላይ ረጋ ብሎ የሚጫን። ጊዜም ይፈልጋል፤ ሃያ ደቂቃ፣ ሠላሳ ደቂቃ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ከጀርመን ተነሥተው የተስፋፉት፣ በአየር ምት የሚሠሩት መሣሪያዎች በየቦታው ይወደሳሉ፤ እነሱ ግን የሚያነጣጥሩት የቂንጥርን ጫፍ ስለሆነ ጫፉ ለሌላት ሴት ገንዘብ ማባከን ይመስሉኛል።

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚመጣላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1968 ለጀርባና ለትከሻ ማሻ ብሎ ያወጣው፣ እንደ ማይክሮፎን ያለ ትልቅ ራስ ያለው መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ ዝነኛ ነው። ራሱ ሰፊ፣ ንዝረቱ ጥልቅ ነው፤ ለስስ ገላ ግን በልብስ ላይም ቢሆን ይበረታል። ከዚያ ይልቅ ተጠንቀቁ፦ በሶኬት የሚሠራው የአሜሪካ ዕቃ የተሠራው ለ110 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። ይቃጠላል፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። በዩኤስቢ የሚሞላው ይሻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ የግድ ነው።

ስለተሠራበት ነገር አጭር ልሁን። የሚያስተማምነው ለሕክምና ደረጃ የሚሆን ሲሊኮን ነው፤ ውኃ አያስገባም፣ ይታጠባል፣ አይሸትም። እንደ ጄሊ የሚያጣብቅ፣ ሲከፈት እንደ አዲስ የላስቲክ ጫማ የሚሸት ከሆነ ተዉት፤ ፕላስቲኩን ለማለስለስ የሚጨመሩ ኬሚካሎች አሉት፣ ቀዳዳዎቹም ጀርም ይይዛሉ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለእነዚህ ዕቃዎች ብቻ 3533 የሚል ቁጥር ያለው የደህንነት ደረጃ አውጥቷል፤ ይህን የጠቀሰ ካርቶን ማግኘት ጥሩ ምልክት ነው። ንጽሕናው ከመጠቀም በፊትም በኋላም በለብታ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ነው። ሐረር ውኃን በጀሪካን የምትቆጥር ከተማ መሆኗን አልረሳሁም፤ አንድ ጣሳ ንጹሕ ውኃ ይበቃል፣ ግን አንድ ጣሳው አይቀርም። ለሌላ ሰው አይዋስም፣ ለእህትም ቢሆን። ቦታው ልጆች የማይደርሱበት፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ይሁን፤ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ነገር ኳስ ሲፈለግ ይወርዳል።

ከመሣሪያው በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን ብዙ ሰው የማይገዛው ነገር ነው፤ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል። ፋርማሲ ጠይቁ፤ ለደረቅነት ነው ማለት ይበቃል፣ ማብራሪያ አትገደዱም። የሲሊኮን ማለስለሻ ከሲሊኮን መሣሪያ ጋር አይስማማም፣ ያበላሸዋል። ቫዝሊን፣ ቅቤና የምግብ ዘይት ኮንዶምን ይበሳሉ፣ መግቢያውንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ሐረር ላይ ሴት ልጅ በዕጣን ጢስና በሽቶ ማማር ታውቅበታለች፣ ደስም ይላል፤ ለልብስና ለፀጉር ይሁን። ሽቶም ሆነ ሽታ ያለው ሳሙና ታች ከደረሰ ስሱን ገላ ያቃጥላል፣ ከዚያ ጥፋቱ በመሣሪያው ወይም በባል ይመካኛል።

የገላ ልክ ደግሞ በአንድ ቦታ አይቆምም። የምታጠባ እናት ሆርሞኗ ስለሚቀንስ ትደርቃለች፣ ቆዳዋም ይሳሳል፤ ወር አበባ በሚቆምበት ዕድሜም እንዲሁ። ስኳር ሕመም ነርቭን ያደክማል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች እርካታን ያዘገያሉ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም አይሆንም። ጫትም አለ፣ ሐረር ላይ ስለ አልጋ እየጻፉ ጫትን መዝለል አይቻልም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የደም ሥርን ያጠብባል፣ ስሜት ደግሞ የሚመጣው በደም ፍሰት ነው። ከበርጫ በኋላ ሐሳቡ ሞልቶ ገላው እምቢ የሚላቸው ባሎች በሚስታቸው «ድንዝዝነት» ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ይህን ቢያስቡበት።

ዕቃውን ከየት እንግዛ ለምትሉኝ፣ አልነግራችሁም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 640 ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የተባሉ ጽሑፎችን፣ ምስሎችንና ዕቃዎችን ማስገባትና መነገድ ያስቀጣል። ሐረር ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በሚገባ ዕቃ የታወቀች ከተማ ብትሆንም በኮንትሮባንድ ገበያ ለሚገኝ፣ የተሠራበት ለማይታወቅ፣ ምናልባትም አንዴ ለተከፈተ ዕቃ ገላችሁን አትስጡ። ደግነቱ ከላይ ያልኩት ሁሉ ያለ መሣሪያ ይሆናል። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ሙቀቱ ልክ የሆነ፣ ፍጥነቱን ሲነግሩት የሚሰማ መሣሪያ የባል መዳፍ ነው። ከጄልና ከግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ጋር።

ወደ ባልየው ልምጣ። ዕቃውን ከዱባይ ተሸክመው የመጡት ለሚስታቸው ደስታ አስበው ነው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስንቱ ወንድ ጥያቄው እንኳ አይመጣበትም። ግን በሦስት ምሽት ውጤት ጠበቁ፣ ዝምታውንም እንደ ስድብ ወሰዱት። ለእሳቸው የምመክረው የሚቀጥሉትን ሁለት ሳምንታት ባትሪ እንዳይነኩ ነው። ሚስትየው ካርታውን በራሳቸው እጅ ያሳዩ፤ እሳቸው ይከተሉ። «እዚህ?» «ከፍ አድርገው።» «እንዲህ?» «ቀስ በል።» አሥር ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች እነዚህን አራት ቃላት ሳይለዋወጡ ይኖራሉ ብዬ ብነግራችሁ የማያምነኝ ያላገባ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ይውረድ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በጨርቅ ላይ። እንቢ ካሉ ይቅር። በሃይማኖቱ በኩል ይፈቀዳል አይፈቀድም ለሚለው እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ የሚያምኑትን አስተማሪ በግል ይጠይቁ።

ከደብዳቤው ግርጌ ያለው ነገር ይህ ነው። የጠያቂዬ ታላቅ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው። አያትየው፣ የባል እናት፣ ሁለት ጊዜ «የልጅቷ ነገር እንዳይረሳ» ብለዋል። ባልየው እናታቸውን ማስቀየም አይፈልጉም፤ ትንሽ ብቻ ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ። ሚስትየው ደግሞ ለዚህ መልስ ሲያጡ ነው ብዕር ያነሡት።

ትንሽ የሚባል የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565 ማናቸውንም የሴት ልጅ ግርዛት ከሦስት ወር በማያንስ እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ ይቀጣል፤ መስፋት ከሆነ በአንቀጽ 566 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል። ያስገረዘ ወላጅም አያመልጥም። ሕጉ ግን አያትን አያሳምንም፣ ከእሳቸው ጋር በአንድ ማዕድ የምትበሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቃሉ ከልጃቸው አፍ ይውጣ። ምራት ስትናገር ድፍረት ይባላል፣ ልጅ ሲናገር ይሰማል። ባልየው እናታቸው ቡና በሚጠጡበት ሰዓት፣ ሌላ ሰው ሳይኖር፣ እጃቸውን ስመው እንዲህ ይበሏቸው፦ «እማ፣ ይህች ልጅ አትነካም። የወሰንኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ አይደለችም።» ምክንያት ከጠየቁ ሐኪም ከልክሏል ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው። የአልጋቸውን ታሪክ ለእናታቸው መንገር አይጠበቅባቸውም። ከትምህርት ቤት መዘጊያ በፊት ይናገሩ፤ ልጆች ወደ ዘመድ የሚላኩት በክረምት ነው።